ባሕር በሌለበት አገር መርከብ የነደፉት የመምህር ወንዳወቅ ደሞዝ የሕይወት ታሪክ (1945–2002 ዓ.ም.)

መምህር ወንዳወቅ ከአባታቸው ከአቶ ደሞዝ አስማረና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩሐረግ ወልደ ጻድቅ በሰቆጣ ዙሪያ በኅዳር ወር 1945 ዓ.ም. ተወለዱ። በሰቆጣ ትምህርታቸውን ተከታትለው፣ ባሕር የሚባል ነገር በዓይናቸው ሳያዩ በ1962 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ተቀጥረው ምጽዋ ወረዱ።

ከ1971 እስከ 1974 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት፣ በጥቁር ባሕር ዳር የመርከብ ጥገና ተማሩ። እዚያ ሳሉ በመሠራት ላይ ያለ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ከሩቅ አዩ፤ አዩና በቃ፣ ልባቸው እዚያው ቀረ። ለዕረፍት ሲመጡ ለእናታቸው በአገራቸው ቋንቋ በኸምጣኛ «በውኃ ላይ የሚሄድ አውድማ ነው፤ አውሮፕላን ይነሣበታል፣ ያርፍበታል» ብለው ቢያስረዱ፣ አያቴ «ታዲያ ምርቱ የታለ?» አሏቸው። ይህን የምጽፈው እኔ የእኅታቸው ልጅ ፀደይ ነኝ፤ ከአያቴ አፍ የሰማሁት ነው።

የዚያን መርከብ ንድፍ የሣሉባቸውን ደብተሮች በ1982 ዓ.ም. ምጽዋ ስትያዝ እዚያው ጥለው ወጡ፤ በ1983 ዓ.ም. ባሕር ኃይሉ ሲበተንም ሰቆጣ ገቡ። ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ ሒሳብና ቴክኒካል ድሮዊንግ እያስተማሩ የጠፋውን ንድፍ በቃላቸው እንደገና ሣሉት፤ ስድስት ትልልቅ ደብተር ሞላ። ጥንት በተራ መርከብ ላይ ሳንቃ ተነጥፎ እንደተጀመረ፣ የሚያርፈው አውሮፕላን ከቆመው ጋር እየተጋጨ ቢያስቸግር ማረፊያው በሰያፍ እንደተደረገ፣ የአዛዡ ማማ ለምን ወደ ቀኝ ጠርዝ እንደተገፋ ያልነገሩት ተማሪ የለም። አንድ ቀን የመርከቡን ርዝመት 270 ሜትር ሜዳ ላይ በድንጋይ ምልክት እያስደረጉ ተማሪዎቻቸውን ሲያስለኩ፣ የመርከቡ አፍንጫ የትምህርት ቤቱ ጎረቤት የአቶ ምትኩ ጤፍ ውስጥ ገብቶ ተገኘ። ለተረገጠው ጤፍ ሽማግሌ ተቀምጦ ታረቁ።

በ1987 ዓ.ም. ከወይዘሮ እታገኝ ጋር በቁርባን ተጋብተው ጌታሁንንና ሠርካለምን ወለዱ። ወይዘሮ እታገኝ «የእኔ ባል በደረቅ መሬት የሰመጠ ነው» እያሉ ቢቀልዱም፣ ወረቀትና እርሳስ አጓድለውባቸው አያውቁም። ስለዚህ ቤተሰቡ ያመሰግናቸዋል።

ጋሼ ወንዳወቅን ግን አንድ ነገር ያስጨንቃቸው ነበር፤ ያወቁትን አንድ ሰው እንኳ ሳይጠቀምበት ይዘውት እንዳይሞቱ። ባሕር በሌለበት አገር ይህ ፍርሃት ቀልድ አልነበረም።

በ2001 ዓ.ም. የተከዜ ውኃ ከግድቡ ኋላ ሲተኛ የእኛው የዋግ ኽምራዋ የዝቋላ ወረዳ ሰው መሻገሪያ ጠፋበት፤ ሽማግሌዎችም እሳቸው ዘንድ መጡ። ሃያ አራት ባዶ በርሜልና ሳንቃ አገጣጥመው ጠፍጣፋ ታንኳ ሠሩላቸው። በመጀመሪያው ቀን ፍየል ተጫነባት። ስሌቱ ልክ ነበር፤ ነገር ግን ፍየሎቹ የማዶውን ቅጠል ሲያዩ በሙሉ ወደ አንድ ጠርዝ ግር አሉና ታንኳዋ ተገለበጠች። አውሮፕላን ቅጠል አይበላማ! ተመስገን፣ ሰውም ፍየልም በደኅና ወጣ። ጋሼ ግን አፍረው ሳምንት ሙሉ ከቤት አልወጡም።

ያወጧቸው ወይዘሮ አመተ ማርያም የተባሉ የዝቋላ ባልቴት ናቸው። ከዝቋላ ድረስ መጥተው፣ እንደ እረኛ ልማድ «መምህር፣ ግልገሎቹን መሐል ይሰሯቸው፤ እናቶቹ ንቅንቅ አይሉም» አሏቸው። ጋሼ እስኪያነቡ ሳቁ። በመርከቡም ላይ አውሮፕላኑ በሰንሰለት ከወለሉ ይታሰራል፤ ይህን ለተማሪ ስንት ዓመት አስተምረው ለፍየል ረስተውታል። እንደተባሉት አደረጉ፣ ታንኳዋም ቀጥ ብላ ተሻገረች። በንድፏ ላይ የነዳፊ ስም በሚጻፍበት ቦታ የወይዘሮ አመተ ማርያምን አንደኛ፣ የራሳቸውን ሁለተኛ አድርገው ጻፉ።

መምህር ወንዳወቅ ባደረባቸው የጉበት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 18 ቀን 2002 ዓ.ም. በተወለዱ በ57 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ እንዲሁም ቁጥር የሌላቸው ተማሪዎች ትተውልናል። በሕመማቸው ላስታመማችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን።

ይህን ጽሑፍ ልጨርስ ስል ስልክ ተደወለ። ከተከዜ ማዶ አርባ አንድ ለቀስተኞች በታንኳዋ ተሻግረው ወደ ሰቆጣ ተሳፍረዋል፤ አንድም ሰው እግሩ አልረጠበም። ጋሼ፣ ያወቁትን ይዘው አልሄዱም። አምላክ ነፍስዎን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ እኛንም የተሰጠንን ሳናስረክብ አይውሰደን። አሜን።