የገበሬን ቃል ሳይነኩ ያተሙት የታላቅ ወንድማችን የሕይወት ታሪክ

በዚህ ቦታ መጀመሪያ የሚነበበው የትውልድ ቀን ነው። ይህን የጻፈችው ታናሽ እህታቸው ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት የያዘችው ቅሬታ አለና እሱ ይቅደም ብላለች።

ቅሬታዋ በአንዲት ቃል ላይ ነው። ታላቅ ወንድማችን የመሠረቱት መጽሔት መጀመሪያ ሲወጣ፣ ገጽ ሰባት ላይ እህታቸው ከላሟ ጋር የተነሣችው ፎቶግራፍ ነበር። ከሥሩ «ላሜ እዚሁ ትበላለች፤ መጥታችሁ እዩ» የሚል ቃሏ ተጽፏል። እህት ይህን ስትናገር ላላ አድርጋ ነው። ላሟ ከደጅ ሳትርቅ ሣሯን ትግጣለች ማለቷ ነው። የከተማ ሰው ግን ጠበቅ አድርጎ አነበበው። ታርዳ፣ ተጠብሳ ትበላለች ብሎ። ከዚያ ወዲህ የእህት ስም ጠፍቶ ጎረቤቱም ገበያተኛውም «እትዬ ትበላለች» ይላታል፤ እሱንም አጥብቆ ነው። እርማት ይውጣልኝ ብላ በየዓመቱ ጠይቃለች። አልወጣም። ባለፈው ሰኞ በስልክ የተጨቃጨቁትም በዚሁ ነው፤ ስልኩን የዘጋችው እሷ ናት። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሞቱ። ደህና የነበረ ሰው ከሰኞ እስከ ማክሰኞ የት እንደሚሄድ ይህ እስከተጻፈበት ሰዓት ድረስ ለቤተሰቡ አልገባውም።

አሁን ወደ ልደታቸው።

ታላቅ ወንድማችን ከገበሬ አባታቸውና ከገበሬ እናታቸው በጥር ወር 1955 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱበት ቤት ከመኪናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከወንዙ ከፍ ብሎ ያለው፣ ቆርቆሮው በአንድ ጎኑ የዛገው ቤት ነው። እህታቸው ዛሬም እዚያው ትኖራለች። ከልጅነታቸው ጀምሮ ፊደል ያለበት ነገር ካዩ አይምሩም ነበር። ሳሙና ተጠቅልሎ የመጣበትን ቁራጭ ጋዜጣ እናታቸው እሳት ሊያያይዙበት ሲሉ ከእጃቸው ይቀሟቸው ነበር። አባታቸውም «ከብቶቹን ጠብቅ ስንለው ለከብቶቹ ያነብላቸዋል» እያሉ ለሰው ይናገሩ ነበር። እያማረሩ ይምሰሉ እንጂ ደስ እያላቸው ነው።

አንደኛ ደረጃን የሁለት ሰዓት መንገድ በእግራቸው እየተመላለሱ ጨረሱ። እህታቸውም እስከ ሦስተኛ ክፍል ከኋላ ከኋላቸው ሄዳለች። እሳቸው ለሁለተኛ ደረጃ ከተማ ሲገቡ ለከብቶቹ ሰው ስለጠፋ እሷ ቀረች። ይህ የተጻፈው ለማማረር አይደለም። በየዕረፍቱ ሲመጡ ደብተራቸውን በረት አጥሩ ላይ ዘርግተው ያስነብቧት ነበር። ስትሳሳት «ፊደል ግማሹ ወረቀቱ ላይ ነው፣ ግማሹ አፍሽ ውስጥ ነው፤ አፍሽን ክፈቺ» ይሏታል። እሷም እየተናደደች ትከፍታለች።

በ1975 ዓ.ም. ትምህርታቸውን ጨርሰው በአንድ ማተሚያ ቤት በአራሚነት ተቀጠሩ። አራሚ ማለት ነገሩ ከመታተሙ በፊት ስሕተቱን የሚለቅም ሰው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ለቀሙ። ቀይ እስክሪብቶ ከጆሯቸው ላይ ጠፍታ አታውቅም። በ1980 ዓ.ም. ዛሬ ሐዘን ላይ ከተቀመጡት ባለቤታቸው፣ ከአስተማሪዋ ጋር ሲጋቡ የሠርጉን ጥሪ ወረቀት ሁለት ጊዜ መልሰው አሳትመዋል። አስተማሪዋም «ሦስተኛ ከመለሰው ሌላ ሙሽራ ይፈልግ» ብለው ስለላኩባቸው ሦስተኛው ቀረ። በትዳራቸውም ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወልደዋል።

መጽሔቱ የተጸነሰው በአባታቸው ምክንያት ነው። በማተሚያ ቤቱ ለገበሬዎች ተብሎ የተዘጋጀ ትንሽ መጽሐፍ አርመው፣ ቤት ይዘው መጥተው ለአባታቸው አነበቡላቸው። አባታቸው እስከ መጨረሻው ሰሙና «ለማን ነው የተጻፈው?» አሉ። ለገበሬ ነው ሲሏቸው «ለየትኛው?» አሉ። በዚያው ሰሞን ደግሞ የገዛ ትልቋ ልጃቸው፣ ከተማ ተወልዳ ያደገችው፣ ካሮት ከምን ዓይነት ዛፍ እንደሚለቀም ጠየቀቻቸው። ወንድማችን እንቅልፍ አጡ። ገበሬው የከተማውን ቋንቋ አይሰማ፣ ከተማው የበላውን ነገር ከየት እንደመጣ አያውቅ፤ መሐል ላይ ሰው የለም አሉ።

በ1997 ዓ.ም. ሥራቸውን ለቀው «ከማሳ እስከ ደጅ» የተባለውን ወርኃዊ መጽሔት ጀመሩ። ቢሮው ከብስክሌት ጠጋኝ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። ሦስት ወንበር፣ አንድ መስኮት፣ ከታች የሚወጣ የጎማ ማጣበቂያ ሽታ። ሠራተኞቹ እሳቸው፣ አንድ ፎቶግራፍ አንሺና አንዲት ጸሐፊ ነበሩ። ከጠረጴዛቸው በላይ በቀይ ቀለም «የገበሬ ቃል አይነካም» ብለው ለጠፉ። ሕጋቸው ይህ ብቻ ነበር። ገበሬው እንደተናገረው ይታተማል፤ አይቀባም፣ አይከረከምም። ከየገበሬው ፎቶግራፍ አጠገብ ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድ በእጅ ተሥሎ ይወጣል፤ አንባቢው ተነሥቶ ሄዶ በዓይኑ እንዲያይ። የካሮቱም ጥያቄ በመጀመሪያው እትም ወጥቷል። ጎረቤታችን አትክልተኛው «ዛፉ ተገልብጦ የበቀለ ነው፣ ልጅቷ ትምጣና ትንቀለው» ብለው መለሱ። ልጅቷ ሄዳ ነቅላለች። ይህን የሚተይቡት እጆች የእሷ ናቸው።

ያ እትም በወጣ በመጀመሪያው ቅዳሜ በእህት ደጅ አሥራ አንድ መኪና ቆመ። ሰዎቹ ቢላዋ ይዘዋል፣ ከሰል ይዘዋል፣ አንዱማ መጥረቢያ ይዟል። ቦቃዋን ላም ከበው «ሽንጡን ለእኔ» ይባባላሉ። አንድ ወፍራም ሰውዬ ጃኬቱን አጥር ላይ ሰቅሎ፣ እጅጌውን ሰብስቦ «እትዬ፣ የት ጋ ነው የሚታረደው?» አላት። እህት አካፋዋን እንደያዘች «አሁን የቆምክበት ጋ» አለችው። ሰውዬው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ነገሩ በኋላ ተጣራ፤ ወተት ጠጥተው፣ ቦቃን አሻሽተው ተመለሱ። ወፍራሙም በሳምንቱ ልጆቹን ይዞ መጣና የመጽሔቱ የመጀመሪያ ደንበኛ ሆኖ ተመዘገበ። ዛሬም እዚህ ቆሟል። ወንድማችን ያን ቀን ከአውቶቡስ ወርደው ያን ሁሉ ቢላዋ ሲያዩ አጥር ተደግፈው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እህት ግን አልሳቀችም። አንድ ዓመት አላናገረቻቸውም። እሳቸው ፊት ተቀምጣ እናቷን «ለልጅሽ ንገሪው» ትል ነበር።

ቦቃ በማንም ሳትበላ ከስምንት ዓመት በኋላ በእርጅናዋ ሞተች። ቅጽል ስሙ ግን አልሞተም። እህት እርማት ስትጠይቅ ወንድማችን ሁልጊዜ አንድ መልስ ነበራቸው፤ «ፊደሉ ልክ ነው፣ የሚታረም የለውም»። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ስሕተት ሲያርም የኖረ ሰው የእህቱን ስም ማረም እንዴት ያቅተዋል ብላ አዝናለች። የከተማ ሰው ሆኖ ንቆኛል ብላም አስባለች። ይህንንም ትጽፈዋለች፤ አስባዋለችና።

በእነዚያ አሥራ ዘጠኝ ዓመታት መጽሔቱ አንድ ወር አልታጎለም። ቲማቲም ገዢ አጥቶ በየጓሮው ሲበሰብስ የመንገዱን ሥዕል አውጥተው መኪና አሰልፈዋል። ለማያውቁት ንብ አናቢ ከአንባቢዎች ሦስት መቶ ደብዳቤ አድርሰዋል፤ ንብ አናቢው ማንበብ ስለማይችሉ ወንድማችን ሁለት ቀን ተቀምጠው ሁሉንም አነበቡላቸው። ሰዉ «ጋሼ መጽሔት» ብሎ የሚጠራቸው በዚህ ነው።

ስለ ሕመማቸው የሚጻፍ ነገር የለም። አልታመሙም። ባለፈው ቅዳሜ ግራ ትከሻቸውን ሲያሹ እህት አይታ ወረቀት መሸከም ነው ብላለች። ማክሰኞ፣ በኅዳር ወር 2016 ዓ.ም.፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ መጽሔቱ በሚታተምበት ማተሚያ ቤት ቆመው የማረሚያ ወረቀቱን እያነበቡ ሳለ ቀይ እስክሪብቶው ከእጃቸው ወደቀ። አታሚው ሊያነሣላቸው ጎንበስ አለ። ቀና ሲል እሳቸውም ወድቀው ነበር። ይኸው ነው። ታናሺቱ ልጃቸው እዚህ ላይ «በድንገት ከዚህ ዓለም ተለዩ ይባል» ብላ ነበር። እህት እምቢ ብላለች። እስክሪብቶው ወደቀ፣ እሳቸውም ወደቁ።

ትናንት እህት ይህን ወረቀት ልታሳትም እዚያው ማተሚያ ቤት ሄደች። እስክሪብቶው የወደቀበትን ቦታ አሳዩዋት። ከዚያ አታሚው፣ ከመጀመሪያው እትም ጀምሮ አብሯቸው የሠራው፣ ወንበር ሰጥቷት ያላወቀችውን ነገራት። የመጀመሪያው እትም ማሽን ላይ ሊወጣ ሲል ጸሐፊዋ ቃሉ ጠብቆም ሊነበብ እንደሚችል አይታ «ጋሼ፣ ትመገባለች እንበለው፣ ሰው ይሳሳታል» ብላ ነበር። ወንድማችንም አይተውታል። ቀይ እስክሪብቷቸውን አውጥተው ብዙ ቆሙ አለ። ከዚያ «እህቴ በሕይወቷ ትመገባለች ብላ አታውቅም። ላሟ ትበላለች። የእሷን ቃል ከነካሁ የማንንም ቃል አልተውም» ብለው እስክሪብቶውን ወደ ጆሯቸው መለሱት።

እህት በቸልታ ያለፉት መስሏት አሥራ ዘጠኝ ዓመት አኩርፋለች።

አታሚው መሳቢያ ከፍቶ አራት ቁራጭ ወረቀት አወጣ። በየዓመታቱ ለማሳተም አምጥተው መልሰው የተዉት ነው። አራቱም ላይ በእጃቸው «እርማት፦ በመጀመሪያው እትም ገጽ ሰባት ላይ ትበላለች ያለው ትበላለች ተብሎ ይነበብ» ይላል። አታሚው በየጊዜው «ጋሼ፣ ይሄ እርማት አይደለም፣ ያው ነው እኮ» ይላቸዋል። እሳቸውም ወረቀቱን እያዩ «ያው ነው፣ አዎ። ይሄ ነገር በአፍ እንጂ በቀለም አይስተካከልም» ብለው ይሄዳሉ። አምስተኛውን ማክሰኞ ዕለት በማረሚያው ወረቀት ጠርዝ ላይ ጀምረውት ነበር። «እርማት፦ ትበላለች ያለው» ይላል። ከዚያ በኋላ ቀይ መስመር ወደ ታች ሄዷል።

ታላቅ ወንድማችን ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና አንድ እህታቸውን ትተው ሄደዋል። መጽሔቱን ትልቋ ልጃቸው ትቀጥላለች፤ በቢሮው ግድግዳ ላይ የለጠፉትም አይነሣም። ሐዘናችንን ለመካፈል ከማሳም ከከተማም የመጣችሁ ሁሉ፣ እነሆ ጎን ለጎን ቆማችኋል፤ የእሳቸው ሥራ ይህ ነበር። የሰውን ቃል ሳይነኩ ያቆዩትን የወንድማችንን ነፍስ ፈጣሪ እንደነበረች፣ ሳትጎድል ይቀበልልን። ለእኛም ይህን የምናምንበትን ቀን ያምጣልን።

ይህን የሕይወት ታሪክ ድምፁ ያማረ አንድ ዘመድ እንዲያነብ ተነጋግረን ነበር። ትናንት ከማተሚያ ቤት ስትመለስ እህት አይሆንም አለች። ከሦስተኛ ክፍል ወዲህ ሰው ፊት ቆማ አንብባ አታውቅም፤ ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ የምታነብላችሁ ግን እሷ ናት፤ አፏን ከፍታ። እዚህ ስትደርስ ወረቀቱን ዝቅ ታደርጋለች። እናንተም ዝቅ አድርጉት፤ ከዚህ በኋላ ያለው በወረቀት አይገኝም። ላላ አድርጋ፣ ያን ቀን በደጇ እንዳለችው አድርጋ ትለዋለች፤ አንድ ጊዜ፣ እሳቸው እንዲሰሙ።

ላሜ እዚሁ ትበላለች። መጥታችሁ እዩ።