በአርባ አምስት ዓመታቸው የጊታር አስተማሪ ፍለጋ የወጡት የወይዘሮ ጀማነሽ ወዳጆ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ጀማነሽ ወዳጆ ከአባታቸው ከአቶ ወዳጆ ገብሬ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጽገረዳ ሀብቴ ሐምሌ 12 ቀን 1946 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ፣ ካዛንቺስ ተወለዱ። በዚያ ቀን ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ሲደበድበው ሕፃኗ ከዝናቡ በላይ ትጮህ እንደነበር እናታቸው ደጋግመው ያወሩ ነበር። ወይዘሮ ጀማነሽም ይህን ወሬ በሰሙ ቁጥር በኩራት ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ካዛንቺስ በሚገኝ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሩ። ከዚያም የታይፕ ትምህርት ተከታትለው በ1965 ዓ.ም. በመንግሥት መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ተቀጠሩ። በአሥሩም ጣታቸው፣ ቁልፉን ሳያዩ፣ ሰው እያዋሩ ነበር የሚጽፉት። የኃላፊው ንግግር ሳያልቅ ደብዳቤው ያልቅ ነበር ሲባል ቀልድ ይመስላል እንጂ አብረዋቸው የሠሩት ዛሬ እዚህ ስላሉ መጠየቅ ይቻላል።

በ1968 ዓ.ም. ቡልጋሪያ አካባቢ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ከነበራቸው ከአቶ ተከስተ መንገሻ ጋር ትዳር መሥርተው ፀሎትን፣ ዮአብንና ልደትን አፍርተዋል። አቶ ተከስተ ዝምተኛ፣ እሳቸው ደግሞ ለሁለት የሚያወሩ ስለነበሩ ቤቱ ሚዛኑን ጠብቆ ኖሯል።

እስከዚህ ድረስ ያለው ታሪክ የብዙ እናቶች ታሪክ ነው። ከ1991 ዓ.ም. በኋላ ያለው ግን የወይዘሮ ጀማነሽ ብቻ ነው! በዚያ ዓመት የመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ሲጸዳ፣ ድሮ የኪነት ቡድኑ ይጫወትበት የነበረ፣ አቧራ የጠጣ አንድ ጊታር ወጣ። ፈላጊ አልተገኘምና ይጣል ተባለ። ወይዘሮ ጀማነሽ ግን በአንሶላ ጠቅልለው፣ ታክሲ ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፈው ወደ ቤታቸው ይዘውት ገቡ። አቶ ተከስተ አይተው ለማን ነው ብለው ቢጠይቁ «ለእኔ ነዋ! አንድ ሙሉ ዘፈን ሰው ፊት ሳልጫወትበት አልሞትም» አሉ። ቤተሰቡ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም፤ የምራቸውን ነበር።

አስተማሪ ፍለጋው የተጀመረው በማግስቱ ነው። ወሎ ሰፈር ሙዚቃ የሚያስተምር ወጣት አለ ሲባል ከሥራ ሲወጡ በረው ሄዱ። ወጣቱ በአክብሮት ተነሥቶ ወንበር ሰጣቸውና «ልጅዎ ስንት ዓመቱ ነው እማማ?» አላቸው። «አርባ አምስት» አሉት። ልጁ ነገሩ ሲገባው ሳቁን ለመዋጥ ሲታገል ዕንባው መጣ፤ እሳቸውም ጊታራቸውን አንሥተው ወጡ። አንድ የሆቴል ጊታር ተጫዋች ደግሞ በዚህ ዕድሜ ጣት አይታጠፍም አላቸው። አሥሩንም ጣት ዓይኑ ሥር አርገፈገፉለት፤ አልሰማም። የመብራት ምሰሶ ላይ ከተለጠፈ ማስታወቂያ የገለበጡት ስልክ ቢደወል ቢደወል አልነሣ አለ። ሌላ ሰው ቢሆን በቃኝ ብሎ ጊታሩን ግድግዳ ላይ ይሰቅለው ነበር። ወይዘሮ ጀማነሽ ግን ይባስ እልህ ያዛቸው።

በመጨረሻ ካዛንቺስ ካሴት ቤት ያለው ሙሐሲን ፍንጭ ሰጣቸው። ቂርቆስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ ባይሳ የሚባሉ ሰው አሉ፤ ድሮ በጦር ሠራዊት ኦርኬስትራ ውስጥ ጊታር የመቱ፣ ለሚችልም ለማይችልም የሚያስተምሩ ናቸው፤ በሰማያዊው በር ይጠይቁ አላቸው። ወይዘሮ ጀማነሽ በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። ቅዳሜ ጠዋት ተነሥተው፣ ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ ጊታራቸውን ታቅፈው ቂርቆስ ደረሱ። ሰማያዊውን በር አገኙት። በሩ ላይ ግን የእድር ድንኳን ተተክሏል!

እንግዲህ ምን ይደረግ? ድንኳን አይቶ ዞሮ መሄድ እሳቸው ያደጉበት ሰፈር ነውር ነው። ጊታሩን ማዶ ሱቅ ያላት ኩልሱም ዘንድ አስቀመጡ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። የሞቱት የአቶ ባይሳ እናት፣ እማማ ወርቂቱ ነበሩ። ወይዘሮ ጀማነሽ አንድም ቀን አይተዋቸው አያውቁም፤ ነገር ግን የራሳቸው እናት ካረፉ ዓመት አልሞላም ነበርና ሆዳቸው ባባ፤ ከልባቸው አለቀሱ። እንዲህ አልቅሶ በማግስቱ መቅረት ደግሞ አይሆንም፤ እሑድም መጡ። ሰኞ ከሥራ ፈቃድ ጠይቀው ለሠልስት መጡ፤ ከጓዳ ገብተው ሽንኩርት ከተፉ፤ ሳህን አጠቡ። የባይሳ ቤተሰቦች ይቺ የአምቦ ዘመዳችን ሳትሆን አትቀርም ብለው ከቅርብ ሐዘንተኞች ጎን አስቀመጧቸው። የአምቦ ዘመዶች ደግሞ የአዲስ አበባ ዘመድ ናት ብለው አመኑ። ኧረ እንዲያውም አንዲት አሮጊት መልካቸው ቁርጥ ወርቂቱን ነው ብለው መሰከሩ።

ሰዉ ሲሸኝ አቶ ባይሳ ቀረብ ብለው «እትዬ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ በየት በኩል ነው የምንዛመደው?» ብለው ጠየቁ። ወይዘሮ ጀማነሽ ላብ አጠመቃቸው። መዋሸት አያውቁም፤ «ጊታር እንዲያስተምሩኝ ነበር የመጣሁት» አሉ። ከዚያ አቶ ባይሳ ከሐዘኑ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ልቅሶ፣ ልቅሶው ወደ ሳቅ እየዞረ ሰዉን ሁሉ ይዞት ሄደ። አሮጊቷ ብቻ ዝምድናውን እስከ መጨረሻው አልተዉም።

ነገር ግን ችግር ነበር። አቶ ባይሳ የእናታቸው ሙት ዓመት ሳይወጣ ክር ላለመንካት ምለው ነበር። ወይዘሮ ጀማነሽ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ፤ ይህን ሁሉ ተንከራትተው ያገኙት አስተማሪ ከእጃቸው ሊያመልጥ ነው። አቶ ባይሳ አዩዋቸውና «እስቲ አንድ ነገር ይምቱልኝ» አሉ። ማዶ ተሻግረው ጊታሩን ከኩልሱም ሱቅ አወጡና ወይዘሮ ጀማነሽ ከሱቁ ጀርባ ቆመው መቱ። አቶ ባይሳ አዳምጠው ሲያበቁ ፍርዳቸውን ሰጡ፦ «ይሄ ሙዚቃ አይደለም፤ ሙዚቃ እስኪሆን ድረስ ሐዘኔም ያልቃል። ቅዳሜ ቤትዎ እመጣለሁ።»

እነሆ ትምህርቱ ተጀመረ! አቶ ባይሳ ዓመቱን ሙሉ ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው፣ ሁለት እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከትተው ነበር የሚያስተምሩት። «የቀለበት ጣት ወደ ታች! አይ፣ እሱ መሀል ጣት ነው!» ሲሉ ድምፃቸው እስከ ዋናው መንገድ ይሰማ ነበር። ወይዘሮ ጀማነሽ የታይፕ ጣታቸው ቸኩሎ ቸኩሎ ዜማውን ቀድሞ ይጨርሰዋል። «ደብዳቤ አይደለም ወይዘሮ ጀማነሽ፣ ማንም አይፈርምበትም፣ ቀስ!» ይሏቸው ነበር። ሙት ዓመቱ ወጥቶ አቶ ባይሳ ጊታሩን በእጃቸው ነክተው አንድ ዜማ በባቲ ቅኝት ሲጫወቱ ግን ቤቱ ውስጥ የነበረ ሁሉ ፈዘዘ። ወይዘሮ ጀማነሽ አፋቸውን ይዘው «ወይኔ! እኔ ታዲያ ዓመቱን ሙሉ ምን ስነካካ ነው የከረምኩት?» አሉ። ተስፋ የቆረጡ መስሏቸው ልጆቻቸው ደነገጡ። እሳቸው ግን የዚያኑ ዕለት ልምምዱን በእጥፍ ጨመሩት።

በ1996 ዓ.ም. ፀሎት ስትዳር፣ በመልሱ ዕለት እናቷ ጊታር ይዘው ተነሡ። የጀመሩት ያን አቶ ባይሳ የተጫወቱትን የባቲ ዜማ ነበር። ግማሹን አሳምረው ሄዱ፤ ከዚያ ቀና ሲሉ ያን ሁሉ ዓይን አዩና ጣታቸው ድርቅ አለ። እንግዳው ያለቀ መስሎት አጨበጨበ። ወይዘሮ ጀማነሽም እጅ ነሥተው ተቀመጡ። ያ ጭብጨባ ከስድብ በላይ ነው ያመማቸው፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሰው ፊት ሲጫወቱ አልታዩም።

መጫወቱ ቢቀር ማስተማሩ አልቀረም። በ1999 ዓ.ም. «ጊታር ለጀማሪዎች፤ ዕድሜ አይጠየቅም» የሚል ወረቀት ከካዛንቺስ እስከ ቡልጋሪያ ባለው ምሰሶ ላይ ለጠፉ። ወይ ጉድ፣ ምን ያልመጣ ሰው አለ! ጡረታ የወጡ ትራፊክ ፖሊስ፣ አዋላጅ ነርስ፣ ከባንክ ሥራዋ ወጥታ በምሳ ሰዓት እየሮጠች የምትመጣዋ ኢኽላስ፣ ሁሉም ሳሎኑን ሞሉት። ደኅና የገፉትን ደግሞ ከፍ ያለውን ትምህርት እንዲሰጧቸው ወደ አቶ ባይሳ ይልኩ ነበር። ተማሪ ተሳስቶ ካቆመ ግን አይምሩም፤ «ብትሳሳትም ጨርስ!» ብለው ይቆጡ ነበር። ለምን እንደዚያ እንደሚቆጡ የሚያውቁት ቤተሰቦቻቸው ብቻ ነበሩ።

መጋቢት 2009 ዓ.ም. ስትሮክ መታቸው። ምላሳቸው ተረፈ፤ ግራ እግራቸውና ግራ እጃቸው ግን ቀሩ። ክሮቹን ተጭኖ ኮርድ የሚይዘው እጅ ማለት ነው። ወይዘሮ ጀማነሽ ስለ እግራቸው አንድም ቀን አላማረሩም፤ ስለዚያች እጅ ግን አለቀሱ። አቶ ባይሳ በቅዳሜው እንደ ልማዳቸው መጡ፤ በግራቸው በኩል ተጠግተው ተቀመጡና ጊታሩን በሁለቱም ጭን ላይ አጋደሙት። የአቶ ባይሳ ግራ እጅ ኮርዱን ያዘ፤ የወይዘሮ ጀማነሽ ቀኝ እጅ ክሩን መታ። መጀመሪያ ተዘበራረቀ፤ ተሰዳደቡም። ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲተካ ግን ሁለቱ እጆች የአንድ ሰው መሰሉ።

ኅዳር 2010 ዓ.ም. የፀሎት ልጅ የልደት በዓል ላይ ቤቱ በዘመድና በተማሪ ግጥም ብሎ ሳለ፣ ወይዘሮ ጀማነሽ ጊታሩ ይምጣ አሉ። ልጆቻቸው እስኪያልቅ ማንም እንዳያጨበጭብ እንግዳውን አስማሉት። ያንኑ የባቲ ዜማ ጀመሩ። ግማሽ ላይ ሲደርሱ ቀና አሉ፤ ዓይኑን ሁሉ አዩ፤ እጃቸው ቆመ። እንግዳው መሐላውን ጠብቆ አላጨበጨበም። አቶ ባይሳ እጃቸውን ከኮርዱ ላይ አላነሡም፤ ዝም ብለው ያዙላቸው። ከዚያ ወይዘሮ ጀማነሽ ክሩን መቱት፤ ቀጠሉ፤ እስከ መጨረሻዋ ድምፅ ሄዱ! «አለቀ?» ብለው ጠየቁ። «አለቀ» አሏቸው አቶ ባይሳ። ያኔ የተነሣው ጭብጨባና እልልታ ጎረቤቱን ሁሉ ከቤቱ አወጣው። አቶ ተከስተ፣ ያ ዝምተኛ ሰው፣ ወንበር ላይ ቆመው ይጮኹ ነበር። ወይዘሮ ጀማነሽ ጉንጫቸው በዕንባ ርሶ «እንድገመው!» አሉ፤ እስኪመሽም ደጋገሙት።

ሕመሙ ዳግም ተነሥቶባቸው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 16 ቀን 2010 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም ዛሬ በቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። ባለቤታቸውን አቶ ተከስተን፣ ልጆቻቸውን ፀሎትን፣ ዮአብንና ልደትን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ አስተማሪያቸውን አቶ ባይሳን፣ እንዲሁም ሳሎናቸው ውስጥ ዜማ ጀምረው የጨረሱ ብዙ ተማሪዎችን ትተው ሄደዋል።

ቸሩ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያኑርልን፤ ላዘንነው ሁሉ መጽናናቱን ይስጠን። እናታችን ጀምረው ሳይጨርሱ የሄዱት ነገር የለም።