በራሴ ጆሮ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

የካንሰር ሕክምናዬን፣ ኬሞውንና ጨረሩን፣ ከጨረስኩ ሦስት ወር ሆነኝ። ዛሬ ሐኪሟ የምርመራውን ውጤት ልትነግረኝ ደወለች። ልጄ ሐና ከምትኖርበት ከኢቶቢኮ መጥታ ስለነበር ስልኩን እሷ አነሳች። በእንግሊዝኛ አውርታ፣ «ማሚ፣ ክሊን ነው! አሁን ቀስ ብሎ ማገገም ብቻ ነው» አለችኝ።

«እንዳትዘጊው። ሐኪሟ አስተርጓሚ መስመሩ ላይ ታስገባልኝ።»

«ማሚ! አታምኚኝም?»

«አላምንሽም። ወንድምሽ አዲስ አበባ ሲሞት ‹ሕክምናዋን ትጨርስ› ብላችሁ ሁለት ወር ደበቃችሁኝ። ለምን አይደውልም ስል፣ ‹ሥራ በዝቶበት ነው› ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

አስተርጓሚው ገባ። «እማማ፣ ውጤትዎ ንጹሕ ነው» አለኝ። ሐና አለቀሰች። አባበልኳት፤ ይቅርታ ግን አልጠየቅኋትም። ክፉም ቢሆን ለእኔው ይነገረኝ። ለልጄ ሳላለቅስለት ያለፈውን ጊዜ ማን ይመልስልኛል?