ሁለተኛው ኮሶ

ሰኔ 6፣ ጧት

ትርታዬ ሰባ ሁለት። ምላሴ ንጹሕ። ሌሊቱን ስለበረደ ሽንቴ በዝቷል፣ ጠርቷል። ቆዳ ሲዘጋ ኩላሊት ይከፍታል። ደብተሬ፣ ይኼን በየጧቱ ስጽፍልህ አትሰልች፤ ት/ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ የቀረኸኝ ተማሪ አንተ ብቻ ነህ።

ጣራው ያፈሳል። ባልዲ ደቅኛለሁ። እዚህ ኮልፌ፣ እኅቴ አስካለ ቤት፣ ፊደል ያልቆጠርኩ የገጠር ዘመድ ነኝ። ፈረንሳይ አገር ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የሰውን አካል አሠራር ማጥናቴን የሚያውቁት አስካለ፣ ባሏ ታደሰና ጎረቤታችን ሸምሱ ናቸው። ጣልያን የተማረ ሰው እየለቀመ ነው። ከወሰዳቸው ጓደኞቼ አንድም የተመለሰ የለም።

ሰኔ 6፣ ከሰዓት

የሰፈሩ ሹም መጣ። ባላምባራስ ይሉታል፤ ማዕረጉን ማን እንደሰጠው ግልጽ ነው። እኔ ጥግ ተቀምጬ ገመድ እገምዳለሁ፤ ዓይኑ አልፎኝ ሄደ። የፈለገው ታደሰን ነው። ታደሰ አናጢ ነው፣ እጁ የታወቀ። ገበያው ዳር ሦስት መስቀያ እንዲያቆም ታዟል። ለማን? ሹሙ አላውቅም አለ። ሲናገር ግን በረንዳው ላይ የተደረደረውን እንጨት በዓይኑ ይለካል።

ታደሰ እምቢ አላለም። እምቢ የሚባልበት ጊዜ አይደለም። ነገ ኮሶ እጠጣለሁ አለ።

ብልጠት ነው። ኮሶ የጠጣን ሰው እንግዳ አይጎበኘውም፣ ዳኛ አይጠራውም፣ አበዳሪውም በደጁ አልፎ ይሄዳል። ሹሙም እዚሁ አገር ነው ያደገው። ሳቀና፣ እንዴት እንደሆንክ ነገ መጥቼ አይሃለሁ አለው። እንደ ጥየቃ ተናገረው። እንደ ዛቻ ሰማነው።

ሰኔ 7፣ ረፋድ

ለማስመሰል አንድ ጉንጭ ይበቃል ብዬ ነበር። ማን ይሰማኛል። አስካለ ሙሉ ዋንጫ ወቅጣ በጥብጣ ሰጠችው፤ ታደሰ አፍንጫውን ይዞ ጨለጠው። ሰውየው ዓይን አለው ጋሼ፣ በውሸት አናመልጠውም አለችኝ።

ጓሮ ይመላለሳል። ፊቱ አመድ መስሏል።

ሹሙ እንደ ዛተው መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ብዙ አየ። ትሉ ወረደ ወይ ብሎ ጠየቀ። አስካለ ቸኩላ፣ ገና ነው አለችው። አንድ ቀን የጨመረች መስሏት ነው። እንግዲያስ ኮሶው አልያዘውም፣ ነገ ይድገመው፣ እኔም ብቅ እላለሁ ብሎ ሄደ።

ሰኔ 8፣ ጧት

ጨው ልገዛ ሸምሱ ሱቅ ሄጄ ስመለስ ዋንጫው ባዶ ነው። ሰው በሁለት ወር አንዴ የሚጠጣውን መርዝ በሁለት ቀን ሁለቴ! ታደሰን ሰደብኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና፣ "ጋሼ፣ እኔ ያቆምኩት እንጨት ላይ ሰው ተንጠልጥሎ ከማይ ሆዴ ቢቆረጥ ይሻለኛል" አለኝ።

ያም አናደደኝ።

ሰኔ 8፣ ከሰዓት

ከትናንት ጀምሮ ውሃ አልቀመሰም። አስካለ ከለከለችው። ትሉ ሳይወርድ ውሃ ከተጠጣ ይተከላል፣ ሲባል የኖረ ነው። ትል የለውም አልኳት። "ፈረንሳይ ሆነው አዩት?" አለችኝ። የጮኽኩ መስሎኝ ነበር፤ እዚህ ቤት ግን ቁጣም በሹክሹክታ ነው።

ስማ፣ ላስተምርህ። አንጀቱ ውሃውንና ጨውን እየለቀቀ ነው። ደሙ ጎደለ፣ ወፈረ። ልብ ጉድለቱን አውቆ ፈጠነ፤ ትንሹን ደም ቶሎ ቶሎ ሊያዞር። የእጅና የእግር ደም ሥሮች ጠበቡ፣ ድርሻቸውን ለአንጎልና ለልብ ለቀቁ። ለዚህ ነው ጣቶቹ የቀዘቀዙት። ኩላሊት በሩን ዘጋ፤ ሽንት የለም። ላብ የለም። አፍ ደረቀ፣ ጥም ጮኸ፤ ውሃ አምጡ የሚለው መልእክተኛ እሱ ነው። እሱን ነው እንግዲህ እኅቴ የከለከለችው።

አንድ አዛዥ የላቸውም። አንዱ ሲጎድልበት ሌላው ከራሱ ቀንሶ ይሞላል። ክፍል ውስጥ ይኼን ሳስረዳ ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ ደስ አይልም። ሁሉም ሥራቸውን በትክክል እየሠሩ ነው፣ የሚያስፈራኝም ይኼው ነው። ሰውነት እስከ መጨረሻው ድረስ ይችላል። ሲለቅ ግን ሁሉም አንድ ላይ ነው።

ሸምሱ ማር ይዞ መጣ። "ዶክተር ብልዎ ያስገድሉኛል፣ አባባ ብልዎ ይቆጡኛል፤ ምን ብዬ ልጥራዎ?" አለ። ሐኪም አይደለሁም አልኩት፣ መቶኛ ጊዜ። አንድ ጣሳ የፈላ ውሃ፣ ቁንጥር ጨው፣ ማር። አስካለን ከበሩ ገፋኋት። በማንኪያ አጠጣሁት። ያዘለት። ትንሽ ቆይቶ ሁሉንም አስመለሰው።

ሰኔ 9፣ ጧት

ሽንት የለም። የእጁን ቆዳ ቆንጥጬ ስለቅ እንደ ተጨማደደ ይቆያል። ዓይኑ ገብቷል። ውሃ በማንኪያ፣ ትውኪያ፣ ውሃ፣ ትውኪያ። አስካለ አሁን ማንኪያውን ራሷ ይዛለች።

ትናንት ሳይመጣ የቀረው ሹም መጣ። ዛሬ አልሳቀም፣ ከደጃፉም አላለፈም። ከወዲያኛው ሰፈር ሌላ አናጢ ተገኝቷል፣ መስቀያዎቹ እሑድ ይቆማሉ፣ ታደሰ አይልፋ አለ። ይማርህ ብሎ ሄደ። ታደሰ ሰምቶታል፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ሌላው አናጢ ማን ነው እያለ ይመስለኛል።

በከንቱ። ሁለቱም ዋንጫ በከንቱ።

ሰኔ 9፣ ቀትር

ከእጅ አንጓው ላይ ትርታ አጣሁ። አንገቱ ላይ አለ፣ ቀጭን፣ ሩጫ። ቅዝቃዜው ክርኑ ደርሷል። አባባ እያለ ይጠራኛል፤ አባቱ ከሞተ ቆይቷል። እንግዲህ አንጎልም ድርሻው እየቀነሰበት ነው። ከዚህ በላይ የሚሰጥ አካል አልቀረም።

በአፍ የሚሆን ነገር የለም። የጨው ውሃ በደም ሥር መግባት አለበት። ያ ደግሞ ያለው መንገዱ ዳር በከፈቱት የጣልያን ሕክምና ቤት ነው። ሸምሱ ቦታውን ያውቀዋል። በሽተኛው በዝናብ ደጅ ተሰልፎ ይውላል፣ ኮሶ የጠጣ ከሆነ ደግሞ ወደ ቤቱ ይመልሱታል፣ በአገራችሁ መድኃኒት የመጣውን በአገራችሁ መድኃኒት ተወጡት እያሉ። በቋንቋቸው የሚያስረዳ ያለው ብቻ ቶሎ ይገባል።

ሐኪሙ ፈረንሳይኛ ይሰማል አሉ። አምስት ዐረፍተ ነገር ይበቃኛል። ከአምስቱ በኋላ ግን ገመድ ገማጅ ገጠሬ መሆን አይቻልም። ደጁ ላይ ጸሐፊ ተቀምጧል፤ ማን ምን እንደተናገረ የሚጽፍ።

አስካለ ገባት። በሩ ላይ ቆመችብኝ። "አንዱን ልቅበር ጋሼ። ሁለት አልችልም" አለች። አላለቀሰችም። ፊቷን ሳይ እናታችንን መሰለችኝ፤ ዓይኔን ወደ ታደሰ መለስኩ።

የተናደድኩት በሷ አይደለም፣ በራሴ ፍርሃት ነው። ይኼንንም ዛሬ ነው ያወቅሁት።

ሰኔ 9፣ ከሰዓት

ዝናቡ ቀጥሏል። ሸምሱ በቅሎውን አመጣ፤ ታደሰን በጋቢ ጠቅልለን ከኮርቻው ጋር እናስረዋለን። አስካለ እግሩን በእጇ እያሸች ናት። አታሺው፣ ደሙን ከልቡ ትወስጂበታለሽ አልኳት። ወዲያው እጇን አነሳች። ሃያ ዓመት ስትከራከረኝ ኖራ፣ አሁን ያልኳትን ሁሉ ታደርጋለች። አልወደድኩትም።

አንተን ምድጃ ውስጥ እንድትከት ነግሬያታለሁ። አትቀየመኝ፤ ስሞች አሉብህ።

የምለውን አዘጋጅቻለሁ። ኮሶ ሁለት ቀን ተከታትሎ ጠጥቷል። ከትናንት ጀምሮ ሽንት የለም። ትርታው ከእጁ ጠፍቷል። በደም ሥር የጨው ውሃ፣ የሞቀ፣ አሁኑኑ። ቀስ ተብሎ፣ ልቡ ደክሟልና።

የት ተማርክ ይለኛል። እነግረዋለሁ። መርፌው ከተሰካ በኋላ ግን።