የጃንደረባው መልስ

ዓርብ፣ ጥር 2 ቀን 1978

ቁጥር ሠላሳ ሰባት የለም። ጣቴን እያስሄድኩ ደጋግሜ አየሁት። ሠላሳ ስድስት አለ፤ ቀጥሎ ሠላሳ ስምንት ይላል። በመካከሉ ምንም።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ ስምንት ነው። የእኛው ሰው ታሪክ፣ የኢትዮጵያው ጃንደረባ። ሠረገላው ላይ ተቀምጦ የነቢዩን መጽሐፍ ሲያነብ ፊልጶስ ያገኘዋል፤ ያስረዳዋል፤ መንገድ ላይ ውኃ ያያሉ። ጃንደረባው እንዳልጠመቅ ምን ይከለክለኛል ብሎ ይጠይቃል። ከልጅነቴ የማውቀው፣ ፊልጶስ ከልብህ ካመንህ ይቻላል ሲለው ጃንደረባውም አምናለሁ ብሎ ሲመልስለት ነው። አባቴ መሪጌታ ነበር፤ እዚህ ቦታ ሲደርስ ድምፁን ከፍ ያደርግ ነበር። «ስሙ፣ የአገራችሁ ሰው ሲመልስ!» ይለናል።

በዚህ መጽሐፍ ግን አይመልስም። ይጠይቃል፣ ከዚያ ዝም ነው። ሠረገላው ይቆማል፤ ሁለቱም ወደ ውኃው ይወርዳሉ።

መጽሐፉ አምና በረሃቡ ጊዜ ሳስተረጉምላት የነበረችው የውጭ አገር ነርስ ከመጠለያው ስትሄድ የተወችልኝ አዲስ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። በጋዜጣ ጠቅልዬ ትምህርት ቤት መሳቢያዬ ውስጥ ነበር የማኖረው። ጓድ በላቸው አይቶት «እንግሊዝኛዬን ላሻሽልበት» ብሎ ተዋሰኝ። የታሪክ መምህር ነው፤ የሐሙሱን የውይይት ክበብም የሚመራው እሱ ነው። ከአብዮቱ በፊት ዲያቆን ነበር ይባላል። እሱ ሲናገረው ሰምቼ አላውቅም።

ዛሬ መለሰልኝ፤ ጣቱን ገጹ ውስጥ እንደከተተ።

«ቁጠሪ» አለኝ። ቆጠርኩ። ፊቴን ሲያይ ፈገግ አለ። «የፊታችን ሐሙስ የውይይታችን ርዕስ ይኼ ነው። ከግርጌ ያለውን ማስታወሻ አንቺ ትተረጉሚልናለሽ።»

«እኔ?»

«የእንግሊዝኛ መምህሯ አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

እሺ አልኩ። ለምን እሺ አልኩ?


ቅዳሜ፣ ጥር 3

ጠዋቱን ሙሉ መጻሕፍት አልጋዬ ላይ ዘርግቼ ዋልኩ።

የአማርኛው፦ አለው።
ደሴ ስማር የተሰጠኝ፣ በድሮ እንግሊዝኛ የተጻፈው፦ አለው።
የነርሷ፦ የለውም። ከግርጌ በደቃቅ ፊደል፣ አንዳንድ ቅጂዎች ይህን ይጨምራሉ ብሎ ቃሉን ያስቀምጠዋል።

ይጨምራሉ። ይህች ቃል ናት ያስጨነቀችኝ። ያኛው ነው ጨምሮ ያስነበበን ወይስ ይኼኛው ነው የቀነሰብን? ሁለቱም እንግሊዝኛ ናቸው። በሁለቱም ላይ ቅዱስ የሚል በወርቅ ቀለም ተጽፏል።

ሌላም ነገር ይከነክነኛል። አንዱ ቁጥር እንዲህ ከሆነ ሌላውስ? አባቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነበበልኝ ማን የጻፈውን ነው? ደግሞ ሐሙስ እምቢ ብል ምን ይሉኛል? እሺ ብልስ፣ ጓድ በላቸው ከኔ አፍ ተቀብሎ «ይኸው፣ መጽሐፋችሁ የሰው ሥራ ነው» ሲል ምን ብዬ እቀመጣለሁ?

የቤቴ አከራይ እትዬ ፋጡማ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ በሩ ላይ ቁጭ ብዬ አገኘችኝ።

«ምን ሆነሻል? ፊትሽ እኮ አመድ መስሏል።»

ነገርኳት። ልብሱን ትከሻዋ ላይ ጥላ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«እኛ ዘንድ ቁርኣን የሚማረው ደረሳ በቃሉ ነው የሚይዘው። አንዲት ፊደል ቢስት ሸኹ ከዚያ ማዶ ሆኖ ይሰማዋል» አለች። ቀጥላ «እናንተ ደግሞ አሮጌ መጽሐፍ አላችሁ አይደል? ሐይቁ ዳር፣ መነኮሳቱ ዘንድ። ሐዲሱን ከምትጠይቂ አሮጌውን ጠይቂዋ!»

«ሴት አይገባም እኮ፣ እትዬ።»

«አንቺ ካልገባሽ መጽሐፉ ይውጣልሻ። አብሽሪ!»

ሳቅሁ። ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያዬ።


እሑድ፣ ጥር 4

ከቅዳሴ በኋላ በሐይቁ ዳር ይዤ እስከ ገዳሙ በር ሄድኩ። ውኃው ጸጥ ብሎ፣ የአምባሰል ተራራ ከነደመናው ተገልብጦ ተኝቶበታል። ሴቶች የሚቆሙበት ዛፍ ሥር ቆሜ አባ ገብረ ሥላሴን አስጠራሁ። አባቴ ዘንድ ዜማ የተማሩ ናቸው፤ ለቀብሩም መጥተው ነበር።

ያሰብኩትን ያህል አልደነገጡም። ነገሩን ሁለቴ አስደገሙኝና መሬት መሬት አዩ።

«ግብረ ሐዋርያት ያለበት የቆየ ብራና አለን» አሉ። «እኔም እዚያ ቦታ ላይ ምን እንደሚል ልብ ብዬ አላየሁትም። በቃሌ የማውቀው መስሎኝ ሳላየው ነው የማልፈው። አበምኔቱን አስፈቅጄ ማክሰኞ አወጣልሻለሁ። ያንንም የፈረንጆቹን ይዘሽው ነይ።»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የት እንዳየሽው ግን ለማንም አትናገሪ፣ ልጄ። የቆየ መጽሐፍ የሚፈልግ ሰው በዝቷል። ዛሬ ይቆጠራል ይሉሻል፣ ነገ ጠፋ ነው» አሉኝ።

በአባቴ ስም ማልኩላቸው።


ማክሰኞ፣ ጥር 6

እንደሆነው ልጻፈው።

ከክፍል እንደወጣሁ ሄድኩ። አባ መጽሐፉን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ሕፃን እንደሚታቀፍ ታቅፈውት ወጡ። ከዛፉ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ እኔ መሬት ላይ። ጨርቁን ሲገልጡት የቆዳና የጭስ ሽታ መጣ። ብራናው እንደ ማር ቢጫ ሆኗል። አንድ ቦታ ቆዳው ገና ሲፋቅ ተቀዶ ኖሮ በክር ሰፍተውታል፤ ጸሐፊው ስፌቱን እየዞረ ነው የጻፈው። ቃል እንኳን አልቆረጠም፤ ዞሮ ቀጥሏል።

ምዕራፍ የለውም። ቁጥር የለውም። እንደ ወንዝ ዝም ብሎ ይወርዳል።

«ቁጥሩ በኋላ የመጣ ነው» አሉ አባ። «የጎደለ መኖሩ የሚታወቀው ስትቆጥሪ ነው። ይኼ አይቆጠርም፤ ይነበባል።»

በግዕዝ እያነበቡ ወደ አማርኛ እየመለሱልኝ መጡ። ሠረገላው። ነቢዩ። ወደ ውኃ ደረሱ። ጃንደረባው ጠየቀ። አባ ቆሙ። ጣታቸውን መልሰው ከላይ ጀመሩ። እንደገና ቆሙ።

«ወረዱ ይላል» አሉኝ በቀጭን ድምፅ። «ጠየቀ፤ ሠረገላው ይቁም አለ፤ ወረዱ። መልስ የለውም።»

እኔ የነርሷን መጽሐፍ ከፍቼ ይዣለሁ። ቃል በቃል አስተረጎምኩላቸው። ጠየቀ፤ ሠረገላው ይቁም አለ፤ ወረዱ።

ተያየን።

«እነዚህ ሰዎች ይህን መጽሐፍ አይተውታል?» አሉኝ።

«ኧረ የት አይተውት፣ አባ! ሐይቅ የሚባል አገር መኖሩንም አያውቁ።»

«ታዲያ እንዴት እንዲህ ገጠመ?» ክንዳቸውን አሳዩኝ፤ ፀጉሩ ቆሟል። የኔም እንደዚያው።

ይህ ብቻ አይደለም። አባ ገጹን ወደ ብርሃኑ ዘንበል ሲያደርጉት፣ ከመሥመሩ ውስጥ፣ ልክ ጃንደረባው ጠይቆ ከጨረሰ በኋላ፣ ትንሽ የመስቀል ምልክት አየሁ። ያው ምልክት ከብራናው ዳርም አለ። ከሥሩ በሌላ እጅ፣ በሌላ ቀለም፣ ጥቅጥቅ ብሎ የተጻፈ ነገር። የመጀመሪያውን ቃል እኔ ራሴ አነበብኩት። አአምን። ከቁርባን በፊት ካህኑ ሦስት ጊዜ የሚላት። አምናለሁ።

አንድ ሰው ይህን ሲያነብ ዝምታውን አልቻለውም። የአገሩ ሰው ጠይቆ ሳይመልስ እንዲቀር አልፈለገም። ምናልባት ሌላ መጽሐፍ ላይ መልሱን አይቶት ይሆናል፤ ምናልባት ከመምህሩ አፍ ሰምቶት። ግን መሥመሩ ውስጥ አልገባም። የፊተኛውን ሰው ጽሕፈት አልፋቀም። ከዳር ቆሞ፣ ምልክት አድርጎ፣ «እዚህ ጋ ይህም አለ» አለ።

የነርሷ መጽሐፍም ያደረገው ይህንኑ ነው። እነሱ ከግርጌ፤ እሱ ከዳር።

አባ እንግሊዝኛውን ጮክ ብዬ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። «አይገባኝም፤ ዝም የሚልበትን ቦታ ልስማው» አሉ። አነበብኩ። እዚያ ቦታ ስደርስ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ብራናውን ሳምኩት። ከዚያ በፊት እንዲህ ፈርቼ የሳምኩት ነገር የለም።


ረቡዕ፣ ጥር 7

ሥራ አልያዝ አለኝ። ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን ፊደል ሳይቀር ተማሪዎች አረሙኝ።

አባ ስንለያይ ያሉኝን ሳልረሳው ልጻፍ። «ጃንደረባውም እኮ ያነበበው ትርጉም ነው። ነቢዩ የጻፈው በዕብራይስጥ፤ እሱ የያዘው የጽርዕ፣ የግሪኩ ሳይሆን አይቀርም። ገባህ ወይ ሲባል ያለ አስረጂ እንዴት ይገባኛል አለ። ትርጉም ይዞ፣ ሳይገባው፣ በምድረ በዳ መሐል። እግዚአብሔር እዚያው ነው ያገኘው።»

ቀኑን ሙሉ ይህን ሳስብ ዋልኩ። እኔ መጽሐፉ ከሰማይ ተጠቅልሎ የወረደ ይመስለኝ ነበር። አሁን እጆች ይታዩኛል። የሚፍቁ፣ የሚሰፉ፣ የሚገለብጡ፣ ቃል አይጠፋብኝም ብለው የሚፈሩ። ከዕብራይስጥ ጽርዕ፣ ከጽርዕ ግዕዝ፣ ከዚያ ወዲህ አማርኛና እንግሊዝኛ። ያነሰብኝ ነገር የለም። ጨመረልኝ እንጂ።

ለነገ ግን እፈራለሁ።


ሐሙስ፣ ጥር 8

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። መምህራን ከፊት፣ የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ከኋላ። ጓድ በላቸው ስለ ሃይማኖትና ስለ ገዢ መደቦች ከተናገረ በኋላ ጠራኝ። ማስታወሻውን ተረጎምኩ። ምንም አልሸራረፍኩም።

«ስለዚህ የሰው እጅ ገብቶበታል?» አለ።

«አዎ፣ ገብቶበታል።»

አዳራሹ አጉረመረመ። ጓድ በላቸው ሊቀመጥ ሲል «አልጨረስኩም» አልኩ። ድምፄ የኔ አልመሰለኝም።

ያየሁትን ነገርኳቸው። ስለ ስፌቱ፣ ስለ መስቀሏ ምልክት፣ ስለ ሌላው ቀለም። «ሊያታልል የፈለገ ሰው ይደብቃል» አልኩ። «እነዚህ አልደበቁም። የብራናውም ጸሐፊ፣ የእንግሊዝኛውም ተርጓሚዎች ያወቁትንም ያላወቁትንም ለአንባቢ ትተውለታል። ባይተዉልንማ ዛሬ ጓድ በላቸውም ባላገኘው ነበር።»

የሒሳብ መምህሩ አቶ ሰይድ እጁን አወጣ። «ታዲያ መልሱ በፊት ነበረ ወይስ አልነበረም?»

«አላውቅም። የቆየው የሌለበት ይመስለኛል። ግን ወደ ውኃው መውረዳቸው በሁሉም አለ።»

ጓድ በላቸው ተነሳ። ፊቱ ተለዋውጧል።

«ይህን ብራና የት ነው ያየሽው?»

«በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

«የት ብዬ ነው የጠየቅሁሽ።»

«አልናገርም።»

ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ሰው ብዕሩን አንስቶ ወደ ጓድ በላቸው አየ። ጓድ በላቸው ወደኔ አየ። ከዚያ ስብሰባውን ዘጋ።




ዓርብ፣ ጥር 9

ርዕሰ መምህሩ ጠሩኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ዓይኔን ማየት ግን አልቻሉም። መጽሐፉ ያለበትን ቦታ እስከ ሰኞ በጽሑፍ እንዳቀርብ ነገሩኝ። «የሕዝብ ቅርስ ነው፤ መመዝገብ አለበት» አሉ። እምቢ ብልስ? «አስቢበት፣ የኔ ልጅ» ብቻ አሉኝ።

እትዬ ፋጡማ ስትሰማ ጋቢዋን አጣፍታ እየተንጎራደደች ሰደበቻቸው። ከዚያ ቁጭ አለችና «መጽሐፍ የሚያህል አማና፣ አደራ ተቀብለሽ ልትሰጪ ነው?» አለችኝ። አልሰጥም አልኳት። «እንግዲያው ዱዓ እናድርግ» አለችና እጇን ዘረጋች። እኔም አሜን አልኩ።


እሑድ፣ ጥር 11፣ ጥምቀት

ከሐይቁ አሁን መመለሴ ነው።

ሕዝቡ ዳሩን ሞልቶት ነበር። ውኃው ተባርኮ መረጨት ሲጀምር ሁሉም ገፋ። እኔም ገፋሁ። ውኃው ፊቴ ላይ ሲያርፍ ያ ሰው ታየኝ፤ ከሠረገላው ሲወርድ። ስሙን አናውቅም። አምናለሁ አለ አላለም አናውቅም። ብቻ ወርዷል። ብርድ ይሁን ፍርሃት አላውቅም፣ ሰውነቴ ሁሉ ተንዘፈዘፈ። ፍርሃት ከሆነም የርዕሰ መምህሩን ቢሮ የሚፈራው ዓይነት አልነበረም።

ከሰዉ ወጣ ብዬ ነጠላዬን ስጨምቅ አጠገቤ ሰው ቆመ። ጓድ በላቸው። ኮሌታው ረጥቧል።

«ያ ከዳር የጻፈው ሰው» አለኝ፣ ዓይኑን ከውኃው ሳይነቅል። «ስሙን አኑሯል?»

ቦታውን አልጠየቀኝም። ስሙን ብቻ።

«አላኖረም» አልኩ። «ፈለግነው፤ የለም።»

ካህናቱ ማዶ ወረብ ጀምረዋል። ከንፈሩ አብሮ ተንቀሳቀሰ ወይስ እኔ ነኝ እንዲህ ያየሁት?

«እኔ ብሆን አኖር ነበር» አለ። «እንዲህ ያለ ነገር ጽፌ ስሜን አልተውም ነበር።»

ከዚያ ሰላም ሳይለኝ በሰዉ መሐል ገብቶ ሄደ።

ያሉትን ወረቀት አልጻፍኩም፤ አልጽፍም። የጠየቀኝ ዲያቆኑ ይሁን ጓዱ ነገ ይለያል። ፀጉሬ ገና አልደረቀም።