ለዘር የተመረጠው ካሮት

ማክሰኞ፣ መጋቢት 8

ዛሬ ክፍል ውስጥ ስለ ካሮት አስተማርኩ። የዱሩ ነጭ፣ ቀጭንና መራራ እንደነበር፣ ሰው ግን ምርጥ ምርጡን ሳይበላ ለዘር እያስቀረ እንዳጣፈጠው ነገርኳቸው። እኔው ነኝ ይህን የምለው!

ከድሬ ጠያራ ገጠር አትክልት የሚያመጡልኝ ገበሬ ደንበኛዬ፣ አባባ ዩሱፍ፣ ለዘር መልሰው የሚተክሉትን ካሮት ትናንት እኔ ቤት አስቀምጠው ለቅሶ ሄዱ። ለጾም አልጫዬ ካሮት ሲያጥረኝ ከእሱ ወሰድኩ። እንዴት ይጣፍጥ ነበር! ዛሬ ከፈላና በር ገበያ ተራ ካሮት ገዝቼ ተካሁላቸው።

ማምሻውን መጥተው ከረጢቱን ከፈቱ፤ አንዱን አውጥተው አገላበጡት።

«ይሄን እኔ ነኝ የመረጥኩት?»

«አዎ፣ አባባ።»

«እንግዲያው ዓይኔ ደክሟል ማለት ነው። አላህ ይስጥሽ፣ ልጄ» ብለው ተሸክመውት ሄዱ።

ዓይናቸውስ ደህና ነው።