የአራት ቁጥር ማሽን ሽቦ

ይድረስ ለተከበሩ የጣሳ ክዳን ፋብሪካችን ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ከነቤተሰብዎና ከነአሥሩ ጣቶችዎ እንደምን ከርመዋል እያልኩ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ቆርቆሮ በሚቆረጥበት የፕሬስ ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ያገለገልኩት ሠራተኛዎ ደህና ነኝ። አጠገቤ አራት ቁጥር ማሽን ላይ የምትሠራው ባልደረባዬ ግን ደህና አይደለችም፤ ከሦስት ሳምንት በፊት ማሽኑ የቀኝ እጇን ሦስት ጣቶች ቆርጦባታል። ሐሙስ የሚሰበሰበው የዲሲፕሊን ኮሚቴ፣ የደህንነት ሥልጠና ወስዳ ሳለች በራሷ ቸልተኝነት አደጋ አድርሳለች በሚል ስንብቷን እንደሚያይ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ስላነበብኩ፣ እኔም ምስጋናዬን እዚያው ሰሌዳ ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ በትሕትና እለምናለሁ።

1ኛ/ ስለ ሥልጠናው አመሰግናለሁ። የተሰጠን በምሳ ሰዓት፣ በመመገቢያ አዳራሹ በር ላይ፣ በአንድ እስክሪብቶ ነበር። የሰው ኃይል ኃላፊዋ መፈረሚያውን ቅጽ ይዘው ቆመው፣ አሠልጣኙ እንዳልተመቻቸውና ወረቀቱ ግን ዛሬ መግባት እንዳለበት ነገሩን። ፈረምን፣ በላን፣ ሠለጠንን። ባልደረባዬ ሥራ ከጀመረች ገና አራተኛ ቀኗ ነበር።

2ኛ/ ስለ ጓንቱም እንዲሁ። ጎብኚ በሚመጣበት ጠዋት ይታደለናል፤ ጎብኚው መኪናው ውስጥ ሲገባ ተቆጥሮ ይሰበሰባል። አንድ ቀን አንድ ጓንት ጎድሎ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስንፈተሽ ቆይተናል። ለባልደረባዬ ጣቶች ያን ያህል የተጨነቀ ሰው አላየሁም።

3ኛ/ ማሽኖቻችን መከለያ አላቸው፤ መከለያው ካልተዘጋ ማሽኑ እንዳይነሣ የምታግድ ትንሽ ማብሪያም አለች። መክፈትና መዝጋቱ ሥራ ስለሚያጓትት፣ ማብሪያዋን በሽቦ አስሮ መከለያውን ከፍቶ መሥራት የክፍላችን ደንብ ሆኗል። ፎርማናችን ሽቦውን በኪሳቸው ይዘው ይዞራሉ፤ ያላሰረ ካገኙ፣ እቤትህ መሰለህ እንዴ የምትንቀራፈፈው ይሉታል። እርስዎም ሰኞ ሰኞ ሲያልፉ ሽቦውን አይተው ዓይንዎን ወደ ምርት ሰሌዳው ያሻግራሉ፣ ብዙ ያመረተውንም ትከሻውን መታ መታ ያደርጉታል። ግድግዳው ላይ «ደህንነት ይቀድማል» የሚል ፖስተር እንዳለ አልዘነጋሁም። ሠራተኛ የሚማረው ግን አለቃው አይቶ ከሚያልፈው ነገር ነው።

4ኛ/ ይህኛው ምስጋና አይደለም። ባልደረባዬን ሽቦ ማሰር ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ፎርማኑ አሳያት አሉኝ፣ አሳየኋት፤ እጇ ቀልጣፋ ስለነበር በአንዴ ያዘችው። ጋሼ፣ አደጋ የለውም ወይ ብላ ጠይቃኝ ነበር። እኔም እስካሁን ምን ሆንኩ ብዬ አሥሩንም ጣቶቼን ዘርግቼ አሳየኋት። አሁን ሳያቸው አፍራለሁ።

እሷ ሐኪም ቤት ሳትደርስ ሽቦው ከማሽኑ ላይ ተፈትቶ ነበር፤ ለሪፖርቱ ፎቶ የተነሣው ከዚያ በኋላ ነው። የፈቱት ሰው የጣሉበትን በርሜል አይቻለሁና ሽቦው አሁን እኔ ጋ ነው። ሐሙስ ኮሚቴው ባይጠራኝም እመጣለሁ። በሥልጠናው ቅጽ ላይ «የአሠልጣኝ ስም» የሚለው ቦታ ባዶ ስለሆነ፣ በዚያ ላይ የእኔን ስም እንዲጽፉልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። እኔን ያሠለጠኑኝ ፎርማኑ ናቸው፤ እሳቸውን ማን እንዳሠለጠናቸው ደግሞ እርስዎ ከማንም በላይ ያውቁታል።

ትናንትና ዛሬ መከለያውን ዘግቶ በመሥራቱ ከኮታ በታች የዋለው፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና ለእጆችዎ ጤና የሚመኘው፣ እስካለፈው ወር ድረስ ታዛዥዎ የነበረው፣

የሦስት ቁጥር ማሽን ሠራተኛ

ማሳሰቢያ፦ ኮሚቴው ገና ሳይሰበሰብ የስንብት ደብዳቤው ተዘጋጅቶ ፈርማ እንድትመልስ ለባልደረባዬ ተልኮላታል። ስለ መዘግየቷ ይቅርታ ያድርጉላት። እናቷ ደብተሩን ይዘውላት በግራ እጇ ስሟን መጻፍ እየተለማመደች ነው፤ ፋብሪካችን በእውነት የሰጣት የመጀመሪያው ሥልጠና ይኸው ነው።